መብራት ሲጠፋ የተቋረጠ አፕት፦ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር ፖሊ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለኝ። ስምንት አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው፤ ሁሉም ላይ ኡቡንቱ 22.04 ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን አፕዴት እያደረግኩ መብራት ጠፋ። አሁን አንደኛው ምንም ነገር ልጫን ስል ‘ዲፒኬጂ ተቋርጧል’ ይለኛል። ሁለተኛው ‘ሎክ ማግኘት አልቻልኩም’ ይላል። አንድ ልጅ የሎክ ፋይሉን አጥፊው አለኝ። ሦስተኛው፣ ጭራሽ ያልነካሁት፣ ‘ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም’ የሚል ነገር ይጽፋል። ሦስቱንም ፎርማት ላድርጋቸው? ደግሞ ኢንተርኔቱ ከስልኬ ነው። ስምንቱን ማሽን አልቻለም፤ አፕዴት ባደረግኩ ቁጥር ጥቅሉ ያልቃል።»

እህቴ፣ ፎርማት አያድርጉ። ሦስቱም ይድናሉ፣ የሠልጣኞችዎ ፋይልም ሳይነካ። የሎክ ፋይሉንም አያጥፉ። ለምን እንደሆነ እዚያው ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

እኔም የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ደመናው ሲከብድና ነፋሱ የዘንባባዎቹን ቅጠል ማንኳኳት ሲጀምር፣ እጄ ቶሎ ወደ ተርሚናሉ፣ ትዕዛዝ ወደሚተየብበት መስኮት፣ ይሄዳል። ምን እየተጫነ ነው? ስንት ቀረው? ይህን ልማድ ያስያዘኝ እንደ እርስዎ ያለ ቀን ነው። ስለዚህ ጥያቄዎን ሳነብ ነገሩ ገብቶኛል።

ሁለት ነገር ላስቀድም። እኛ ጋ ፓኬጅ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሞባይል ዳታ ነው። እዚህ ፓኬጅ ስል ሊኑክስ ላይ የሚጫነውን የፕሮግራም እሽግ ማለቴ ነው። የዳታውን ጥቅል እለዋለሁ። ትዕዛዞቹን ደግሞ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። ተርሚናሉ ላይ ሲተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትልቅ ካላልኩ በቀር ሁሉንም በትንሹ ይጻፉ። አፕት፣ ኡቡንቱ ላይ ፓኬጅ የሚያመጣው ፕሮግራም፣ ሲተየብ ኤ፣ ፒ፣ ቲ ነው። ዲፒኬጂ ደግሞ ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ፤ አራት ፊደል ብቻ።

አሁን ወደ ነገሩ። አፕትን አንድ ነገር ጫን ሲሉት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራሉ። መጀመሪያ ማውረድ፣ ቀጥሎ መጫን። የሚያወርደው አፕት ራሱ ነው። የሚጭነው ግን ከሥሩ ያለው ዲፒኬጂ ነው። በዕድሜም ዲፒኬጂ ይበልጣል። ኡቡንቱ የተሠራበት ሊኑክስ፣ ዴቢያን፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ዲፒኬጂ በ1994 መጣ። አፕት ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው በ1999 ነው። ኡቡንቱ በ2004 ሲጀምር ሁለቱንም እንዳሉ ወረሳቸው። ስለዚህ ሁለት ሠራተኛ አለ ብለው ያስቡ። አንዱ ዕቃ ያመጣል፣ ሌላው ይደረድራል።

ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? መብራት የሚጎዳው ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ ነው። እያወረደ እያለ ቢጠፋ ምንም አይደለም። በግማሽ የወረደው ፋይል /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ/ፓርሻል ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ይድገሙት፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ወርዶ ያለቀውንም እንደገና አያወርደውም።

እየጫነ እያለ ሲጠፋ ነው ነገር የሚመጣው። ዲፒኬጂ አንድን ፓኬጅ በአንድ ጊዜ አይጭነውም። መጀመሪያ ይፈታዋል፤ ማለትም ፋይሎቹን ቦታ ቦታቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ያዋቅረዋል። ዕቃ ከዘጌ በጀልባ መጥቶ ወደቡ ላይ ሲራገፍ ገና ሱቅ ገባ አይባልም፣ መደርደሪያ ላይ መውጣት አለበት። ማዋቀር ማለት ያ መደርደር ነው። መብራት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሁለቱ መሃል ነው፦ ዕቃው ወርዷል፣ ግን አልተደረደረም።

ደስ የሚለው ግን ዲፒኬጂ መዝገብ ይይዛል። መዝገቡ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የት እንደደረሰ እዚያ ተጽፏል። ተፈቷል፣ በግማሽ ተዋቅሯል፣ በግማሽ ተጭኗል፣ ተጭኗል። መብራት የጠፋ ጊዜ መዝገቡ ላይ «ተፈቷል» የሚል ተጽፎ ከነበረ፣ ዛሬም የሚለው ያንኑ ነው። ዲፒኬጂ ፋይሎቹ በእርግጥ ዲስኩ ላይ መጻፋቸውን ሳያረጋግጥ ወደፊት አይሄድም። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አፕዴት እንደ ኤሊ የሚሄደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ማረጋገጥ አስቀርቶ ፍጥነት የሚጨምር አማራጭ አለ። ኢንተርኔት ላይ እንደ ትልቅ ዘዴ ሲመክሩት ያገኛሉ። መብራት በማይጠፋበት አገር ይጠቀሙበት። እኛ አንነካውም።

አንደኛው ማሽን።

የሚያሳይዎትን መልእክት እስከ መጨረሻው ያንብቡት። መድኃኒቱን ራሱ ጽፎታል፦ ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ። ሱዶ ማለት ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አሂደው ማለት ነው። ከኮንፊገር በፊት ሁለት ሰረዝ፣ ከኤ በፊት አንድ ሰረዝ ነው። ትርጉሙ «ተፈትቶ ያልተዋቀረ ነገር ሁሉ ካለ ጨርሰው» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚህ ያልቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲያዩ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ካዩት ሌላ ጊዜ አይደነግጡም። /ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ የሚለውን ፋይል ሌስ በሚለው ትዕዛዝ ይክፈቱ። አፕት የሠራውን ሁሉ እዚያ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ሥራ የተጀመረበት ቀንና ሰዓት አለው፤ የትኛው ትዕዛዝ እንደተሰጠ፣ የትኞቹ ፓኬጆች ከየትኛው ቨርዥን ወደ የትኛው እንደሄዱ ይላል። ከታች ደግሞ የተጠናቀቀበት ቀን አለ። አሁን ባለፈው ሳምንት ወደተጻፈው ይውረዱ። የመጀመሪያው ሰዓት አለ። የመጨረሻው የለም። መብራቱ የጠፋው እዚያ ላይ ነው። ምን ምን ተነክቶ እንደነበር ከዚያው መስመር ያነባሉ፤ ለመገመት አይገደዱም።

ከዚያ ሱዶ ዲፒኬጂ --ኦዲት ይበሉ። ያልጨረሱትን ፓኬጆች ስም በስም ይዘረዝርልዎታል። ከዚያ የኮንፊገሩን ትዕዛዝ ይስጡ። እየሠራ እያለ ሊጠይቅዎት ይችላል፦ የማዋቀሪያ ፋይሉ ተቀይሯል፣ አዲሱን ልውሰድ ወይስ ያለው ይቆይ? እርስዎ አውቀው የቀየሩት ነገር ካልመሰለዎት ኤንተር ይጫኑ፤ ያለው ይቆያል። ማንም አይጎዳም።

ሲጨርስ ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል ይበሉ። ይህ የጎደለ ጥገኛ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌላው ያለ እሱ የማይሠራ፣ ካለ ያሟላል። አንዳንዴ አንድ ፓኬጅ ብቻ እምቢ ብሎ «በጣም ችግር ባለበት ሁኔታ ላይ ነው፣ እንደገና ጫነው» የሚል ይጽፋል። ይህ ገና ሲፈታ የተቋረጠ ነው። ስሙን ወስደው ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ብለው ከኋላው ስሙን ይጻፉ። እሽጉ ራሱ ተበላሽቷል ካለ፣ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ያንን አንድ .ዴብ ፋይል ብቻ ያጥፉና እንደገና ያውርዱት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አፕት ክሊን በል ይላል። እሱ ሁሉንም ጠራርጎ ያጠፋል፤ ከፍለው ያወረዱትን ሁሉ። ለእርስዎ አይሆንም።

አንድ ከባድ አጋጣሚ አለ። ሲቋረጥ እየተጫነ የነበረው ከርነሉ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የሲስተሙ ልብ፣ ከነበረ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። እርስዎ ጋ ተነስቷል፤ ስለዚህ አልደረሰም። ቢደርስ ግን ያኔም ፎርማት አያስፈልግም። ሲበራ የግራብ ሜኑው ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይግቡና የድሮውን ከርነል ይምረጡ። ኡቡንቱ የቀደመውን ስለሚያቆየው በእሱ ይነሳል። ከዚያ ያው ትዕዛዝ ነው። እዚያው ያለው ሪከቨሪ ሜኑም የተሰበሩ ፓኬጆችን የሚጠግን ምርጫ አለው።

ሁለተኛው ማሽን፣ ሎኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያ ልጅ የነገረዎትን ነገር እኔም በየቦታው እሰማዋለሁ። በቅንነት ነው የሚመክሩት። ግን ማሽን ያበላሻል።

ሎክ ማለት «እኔ እየሠራሁ ነው፣ ማንም መዝገቡን እንዳይነካ» የሚል ምልክት ነው። ሁለት ፕሮግራም አንድ መዝገብ ላይ እኩል ቢጽፍ መዝገቡ ይፈርሳል። እና ፋይሉ ራሱ ሎኩ አይደለም! /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ የሚለው ፋይል ሁልጊዜ እዚያ ነው፤ ጤነኛ ማሽን ላይም አለ። ሎኩን የያዘው ከርነሉ ነው፣ ለአንድ ለሚሠራ ፕሮግራም። ፕሮግራሙ ሲሞት ሎኩ አብሮ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ፕሮግራም ሞቷል። ስለዚህ ማሽንዎ እንደገና ከተነሳ በኋላ ከባለፈው ሳምንት የተረፈ ሎክ ሊኖር አይችልም። አሁን ሎክ አለ ካለዎት፣ አሁን የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው።

ማነው? መልእክቱ ላይ ስሙ ተጽፏል። «በዚህ ቁጥር ፕሮሰስ ተይዟል» ይልና በቅንፍ ውስጥ ስም ያስቀምጣል። አንአተንድድ-አፕግሬድ የሚል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራሱ የሚጭንበት ነው። ማሽኑ ለቀናት ጠፍቶ ሲነሳ ያለፈውን ለማካካስ ይሮጣል። ኢንተርኔቱ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ረጅም ሰዓት ይወስድበታል። እርስዎ ሎክ ፋይሉን ቢያጠፉት እሱ ሥራውን አያቆምም። የእርስዎ አፕት አዲስ ፋይል ፈጥሮ ይገባል። ሁለቱ አንድ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ያኔ ነው ፎርማት የሚያስመኘው።

ስለዚህ ቡና ያፍሉ፣ ይጠብቁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈቅ ካላለ፣ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ አንአተንድድ-አፕግሬድስ ብለው በሥርዓት ያስቁሙት። ካልሆነም ማሽኑን ከራሱ ሜኑ ሪስታርት ያድርጉ፤ ሶኬት አይንቀሉ። ከዚያ እንደ አንደኛው ማሽን ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ።

ሦስተኛው ማሽን፣ «ገና ጊዜው አልደረሰም»።

ይህን የሚያክም ትዕዛዝ አፕት ውስጥ አይፈልጉ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። አፕት የፓኬጆቹን ዝርዝር ሲያወርድ ዝርዝሩ የተፈረመበትን ቀን ያያል። ከኮምፒውተሩ ሰዓት አንጻር ዝርዝሩ ነገ የተጻፈ ከሆነ አይቀበለውም። ትክክልም ነው። ዝርዝሩ የተፈረመ መሆኑን የሚያጣራው ማንም በመሃል ገብቶ ሐሰተኛ ፓኬጅ እንዳይሰጥዎት ነውና።

ሰዓቱ ለምን ተሳሳተ? አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 የምትባለውን። እሷ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሰዓቱን ይረሳል። የእጅ ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ይጠይቁ፣ ይገኛል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው በሁለት ጣት ይቀይሯታል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የእኛው ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። ማሽኑ አፕዴት እምቢ አለ። መልእክቱ ላይ «ለሌላ አምስት ሰዓት ከምናምን ደቂቃ አይሠራም» የሚል አለ። ባትሪው አዲስ ነው። ቀኑ ትክክል ነው። ዓመቱም ትክክል። ብዙ ፈለግኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ፦ 3፡10 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውም ሰዓት 3፡10 ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር! አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሰዓት ሲላት ተሳስቷል ብላ፣ አውቶማቲኩን አጥፍታ በእኛ ሰዓት አስተካክላዋለች። ማሽኑ በራሱ አቆጣጠር ገና ከሌሊቱ 3፡10 ላይ ነው፤ በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። የደኅንነት ዝርዝሩ ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ ይታደሳል፤ ያን ቀን ጠዋት ታድሷል። ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ማሽን «ይህማ ገና ያልተጻፈ ነው» ማለቱ ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስገቡበትም ማሽን አይቻለሁ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ማሠልጠኛ ውስጥ ብዙ እጅ ስለሚገባ የእርስዎም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ታይምዴትሲቲኤል ብለው ኤንተር ይጫኑ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሰዓት ዞኑን፣ አውቶማቲክ ማስተካከያው መሥራት አለመሥራቱን ያሳያል። ዞኑ አፍሪካ/አዲስ_አበባ ካልሆነ፣ ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ ብለው ያስተካክሉት፤ አፍሪካ፣ አዲስና አበባ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። ከዚያ ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ። ኢንተርኔት ካለ በደቂቃ ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። ለሠልጣኞችዎም ይንገሯቸው፤ የኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሰዓት የእኛ ሦስት ሰዓት ነው፣ አይነካም።

አሁን ወደ ጥቅሉ። እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው። አንድን ፋይል ስምንት ጊዜ እየከፈሉ ያወርዳሉ። አያስፈልግም።

መጀመሪያ ትንሹን። አፕት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር ያሳያል፦ ምን ያህል እንደሚወርድና ዲስክ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ። ዋጋዎ የመጀመሪያው ነው። ኤንተር ከመጫንዎ በፊት ከቀረዎት ጥቅል ጋር ያስተያዩት። ብዙ ጊዜ ደግሞ የግድ ያልሆኑ፣ «ቢኖሩ ይመከራል» የተባሉ ፓኬጆችን አብሮ ያመጣል። --ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ ብለው ቢጨምሩ እነሱን ይተዋል። ለሠልጣኞችዎ የአማርኛ ፊደል መጫን ሲፈልጉ ለምሳሌ፣ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ የሚል ፓኬጅ አለ። ትንሽ ነው፣ ሙከራውን በእሱ ይጀምሩ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። አፕት የሚለው አጭሩ ትዕዛዝ ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን .ዴብ ፋይል ያጠፋዋል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው። አፕት-ጌት የሚለው የድሮው ግን ያስቀምጠዋል። ለእኛ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ እጅዎን ከአፕት-ጌት ጋር ያላምዱ። አንድ ማሽን ላይ ይጫኑ፣ ከዚያ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ የተከማቹትን በፍላሽ ወስደው ሌላው ማሽን ላይ እዚያው ቦታ ይገልብጧቸው። ከዚያ ያንኑ ትዕዛዝ ይስጡ። አፕት ያያቸዋል፣ ትክክለኛ መሆናቸውን ያጣራል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። በዲፒኬጂ -አይ በቀጥታ መጫንም ይቻላል። ግን እሱ የጎደለ ጥገኛ ፓኬጅ ቢኖር ፈልጎ አያመጣልዎትም፤ ጥሎዎት ይቆማል።

ስምንት ማሽን ላለው ሰው ግን ከፍላሽም የተሻለ መንገድ አለ። አፕት-ካሸር-ኤንጂ ይባላል። ዲስኩ ሰፊ የሆነውን አንድ ማሽን ይምረጡ፤ ዋናው እንበለው። ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል አፕት-ካሸር-ኤንጂ ብለው ይጫኑት። አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ኖ» ይበሉ። ይህ ፕሮግራም ማንኛውም ማሽን ፓኬጅ ሲጠይቅ በመሃል ይቆማል። ከሌለው አንዴ ያወርዳል፣ ያስቀምጣል፣ ይሰጣል። ቀጣዩ ማሽን ያንኑ ሲጠይቅ ካስቀመጠው ያነሣል። ሁሉም ማሽኖችዎ ላይ 22.04 መሆኑ እዚህ ጋ ዕድል ነው፤ የሚጠይቁት ፋይል አንድ ዓይነት ነው።

አሠራሩን በቅርበት ላሳይዎት። ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች ካለዎት ማሽኖቹን በኬብል አገናኙ። ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ለዋናው ማሽን ብቻ ይስጡ። ለዋናው የኬብል መስመር አድራሻ 192.168.10.1 ይስጡት፤ ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ይተዉት፣ አለበለዚያ ኢንተርኔቱን በስልኩ ሳይሆን በኬብሉ ሲፈልግ ይውላል። ለሰባቱ ከ192.168.10.2 እስከ 8። ሰባቱ ማሽን ላይ /ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/01ፕሮክሲ የሚል ፋይል ይፍጠሩ። ውስጡ አንድ መስመር ነው፦

አኳየር::ኤችቲቲፒ::ፕሮክሲ "ኤችቲቲፒ://192.168.10.1:3142";

አኳየርና ፕሮክሲ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ የቀረው ትንሽ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ምልክት አይርሱ፤ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ከኤል አጠገብ ያለችው ሰሚኮለን ነች። ስትቀር አፕት ፋይሉን አንብቦ ይቆጣል። አበቃ። ለአፕት ሲባል ሰባቱ ማሽኖች ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም። አንዱ ላይ ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት ይበሉና ከዋናው ማሽን እየሳበ ሲመጣ ይዩት። ሁለተኛው ላይ ሲያደርጉት ፍጥነቱ ራሱ ይነግርዎታል። ዋናው ማሽን ከጠፋ ግን ሰባቱም ምንም ማውረድ አይችሉም፤ ያኔ እንዳይደነግጡ።

ይህ መንገድ የማይረዳው ስናፕን ነው፤ ስናፕ ከአፕት የተለየ ሌላ የፕሮግራም መጫኛ ነው። 22.04 ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው፤ በአፕት ጫን ቢሉትም ወደዚያው ይመራዎታል። ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ እያለ ያያል፤ ካለ ሳይጠይቅዎት ያወርዳል። ጥቅልዎን ማን እንደሚበላ ሳያውቁ የሚያልቀው ከዚህም ነው። ዋናው ማሽን ላይ ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ ይበሉ፤ ይቆማል። በወር አንድ ቀን መርጠው ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --አንሆልድ ብለው ይልቀቁትና ያድሱ። ብራውዘር ሳይታደስ ዓመት መቆየት የለበትም።

የቀረው መብራቱ ነው። ማውረድና መጫን ሁለት ሥራ ነው ብዬ ነበር። ለይተው ይሥሯቸው። ሱዶ አፕት-ጌት -ዲ አፕግሬድ ሲሉ ያወርዳል እንጂ አይጭንም። ይህን ጥቅሉ በሚረክስበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ትተውት ይሂዱ። መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድና ቢመጣ ጉዳት የለውም። መጫኑን ደግሞ በጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው። ያኔ ትዕዛዙን ያለ -ዲ ይድገሙት። ሁሉም ወርዶ ስላለ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ትንሽ ዩፒኤስም ይበቃዋል። አንዱን ማሽን ሲጨርሱ ወደ ሌላው ይሂዱ። ስምንቱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ማሽን የተጎዳብዎት ሁለቱን አንድ ላይ ስለጀመሩ ነው።

ዛሬ አንደኛውን ማሽን ብቻ ይሥሩ። ዲፒኬጂ --ኦዲት ምንም ሳይጽፍ ከተመለሰ ድኗል ማለት ነው፤ ዝም ማለቱ ጥሩ ነው። የሚጽፈው ነገር ካለ ስክሪኑን እንዳለ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ። ሁለተኛው ማሽን ላይ ደግሞ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ስም።